ቤንዚኔን ማን ጠጣው?

እሁድ ጠዋት ከከተማ የሚወጡ መኪኖችን ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አያለሁ። በተለይ ሳይክል የጫኑትን። ጣሪያቸው ላይ ሁለት ሦስት ሳይክል ደርድረው፣ ጎማው በአየር ላይ ለራሱ እየዞረ፣ ሽው ብለው ያልፋሉ። እኔ እስከማውቀው ድረስ ሳይክል ሰውን የሚሸከም ዕቃ ነበር። ሰው ገዝቶ፣ በገመድ አስሮ፣ በቤንዚን ተሸክሞት የሚዞረው ዕቃ መሆኑን ያወቅኩት በራሴ ሲደርስ ነው።

ታሪኩ ያሳፍረኛል። ቢሆንም ላውራችሁ። ከኔ ሌላ የሚያወራው ሰው ሲገኝ ደግሞ ይብሳል።

ግምገማ በየመሥሪያ ቤቱ እንደ ምሳ ሰዓት የተለመደ በነበረበት ዘመን ነው። መሳለሚያ አጠገብ፣ አንድ የብረት በር ባለው ግቢ ውስጥ አምስት ቤተሰብ ሆነን እንኖር ነበር። እኔ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። ይህን የምነግራችሁ ለመኩራራት አይደለም፤ ቀጥላችሁ እንደምትሰሙት የሚያኮራ ነገር የለውም። አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና ነበረችኝ። ዕድሜዋ ከተማሪዎቼ ይበልጣል፣ ጠባይዋ ግን ከነሱ ይሻላል። በወር አንድ እሁድ ባለቤቴን ጸዳለን ይዤ ሙከጡሪ፣ እናቷ ዘንድ እሄድባታለሁ። ቅዳሜ ቤንዚን እሞላለሁ፣ እሁድ ደርሼ እመለሳለሁ፣ ሰኞ ጠዋት የነዳጁ ቀስት ግማሽ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ለዓመታት እንዲህ ነበር። ከደመወዜ በስተቀር እንደዚያች ቀስት ከቦታው የማይነቃነቅ ነገር አላውቅም ነበር።

ከዚያ ግርማ ሐኪም ቤት ሄደ።

ግርማ የጸዳለ ታናሽ ወንድም ነው። መርካቶ፣ ዱባይ ተራ ጫማ ይሸጣል። ይሸጣል ስል፣ ከፍ ያለች ወንበር ላይ ይቀመጣል ማለቴ ነው። ጫማውን ሌላ ሰው ያወርዳል፣ ሌላ ሰው ያስለካል፣ ሌላ ሰው ካርቶን ውስጥ ይከታል። እንዲህ የሚኖር ሰው ሆዱ ወዴት ይሄዳል? ወደፊት ነዋ። ሐኪሙ መረመረውና ስኳርህ ጫፍ ላይ ደርሷል፣ ተንቀሳቀስ አለው።

ተንቀሳቀስ ማለት እንግዲህ ከዱባይ ተራ እስከ ሲኒማ ራስ በእግር ሄዶ መመለስ ሊሆን ይችላል። ምንም አይጠይቅም፣ ጫማ እንደሆነ አለው። ግርማ ግን ነጋዴ ነው፤ ሳይገዙት የሚገኝ ጤና አይታየውም። ሦስት ሳይክል ገዛ። አንዱ ለራሱ፣ አንዱ ለኔ፣ ሦስተኛው ለእንግዳ። እንግዳው እስከ ዛሬ አልመጣም።

እዚሁ ሰፈር ብንነዳስ ብዬ ነበር። «ጋሼ፣ መርካቶ ውስጥ ሳይክል ልንዳ ብትል ከነሳይክልህ ጆንያ ጭነውብህ ነው የሚመልሱህ» አለኝ። ይህስ እውነቱን ነው። ለጤና የሚሆነው ሜዳና ንጹሕ አየር ነው ተባለ። ሜዳውና ንጹሑ አየር ያለው ሙከጡሪ፣ እናቱ ደጅ። ሳይክሎቹን ማን ይወስዳቸዋል? የኔዋ ትንሽ ነጭ መኪና። ታዲያ እዚያው እናትህ ቤት ለምን አናስቀምጣቸውም አልኩት። ትንሽ አዘነልኝ መሰለኝ። «እዚያ ከተቀመጡ እዚህ ማን ያያቸዋል?» አለኝ።

ሰፈራችን ካለ በያጅ ዘንድ ወስዶ ፖርቶመጋላ አሠራልኝ፤ ዕቃ የሚጫንበትን የጣሪያ ብረት ማለቴ ነው። በያጁ ሳይክሎቹ ተኝተው ቢታሰሩ እንደሚሻል ተናግሮ ነበር። ግርማ አልተስማማም። ቆመው ነው የሚሄዱት አለ። ቆሙ። መኪናዬ ከፊት ስትታይ አናቷ ላይ አጥር ያጠረች መሰለች።

ከዚያ በኋላ ጉዞው በወር መሆኑ ቀረና በየሳምንቱ ሆነ። እንጦጦን ወጥተን የሱሉልታን ሜዳ ስንይዝ ነፋሱ ፊት ለፊት ይቀበለናል። ሳይክሎቹ ያፏጫሉ። እውነቴን ነው፣ ያፏጫሉ። መኪናዋ እግሬን ከነዳጅ መስጫው ላይ ባነሳሁ ቁጥር ወዲያው ትለግማለች። ግርማ ከጎኔ ሆኖ «ንካው ጋሼ፣ ንካው» ይለኛል። እነካዋለሁ። ሙከጡሪ ስንደርስ ሳይክሉን ያወርድና ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ከእናቱ በር እስከ ሥጋ ቤቱ ይነዳል። ሥጋ ቤቱ ሩቅ አይደለም። ሲመለስ ሳይክሉን እየገፋ ነው የሚመጣው፣ ምክንያቱም በልቷል። ይህ ስፖርት ይባላል።

የመጀመሪያዋ ሰኞ ቀስቷ ሩብ ላይ ነበረች።

ቀስቷ ተበላሽታለች አልኩ። በሁለተኛዋም ሰኞ ሩብ። በሦስተኛዋ ከሩብም ዝቅ። መካኒኬ ሙዘሚል ዘንድ ወሰድኳት። ካንዴላ ቀየረ፣ ካርቦራተር አጠበ፣ ከሥሯ ገብቶ የሚያንጠባጥብ ነገር ፈለገ፣ አጣ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ «መምህር፣ መኪናዋ ጤነኛ ናት። ነዳጁን ከመኪናዋ ውጪ ይፈልጉት» አለኝ። ምናልባት ቀና ብሎ ጣሪያውን እያየ ይሆናል የተናገረው። እኔ ውጪ ሲለኝ የመጣልኝ ሌባ ነው። መጀመሪያ ማደያውን ጠረጠርኩ፤ ሌላ ማደያ ቀየርኩ። ያው ነው። ከዚያ ዓይኔ ግቢያችን ውስጥ ገባ።

የግቢያችን ዘበኛ ጋሽ ሰይድ ይባላሉ። ወሎዬ ናቸው፣ ከስልሳ አይርቁም። ዘበኛ ከመሆናቸው በፊት ጉልበታቸው እስኪዝል መርካቶ ውስጥ የስፖንጅ ፍራሽ ሲሸከሙ ኖረዋል። የቆርቆሮ ቤታቸው መኪናዬ ከምትቆምበት ቦታ ጎን ነው። ሰው ሳያዛቸው መኪናዬን ያጥባሉ።

ሐሳቤን ልብ አድርጉልኝ። ቅዳሜ ሞላሁ። ሰኞ ጠዋት የለም። በመካከሉ መኪናዋ የቆመችው ማን አጠገብ ነው? ጋሽ ሰይድ አጠገብ። አለቀ። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ትጠይቁኝ ይሆናል፤ እሁድ ግቢ ስትገባ ቀስቷ የት ነበረች? ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ አልጠየቅኩትም። ልኬት ከሙከራው በፊትም በኋላም ይወሰዳል እያልኩ ተማሪ ስቆጣ የኖርኩ ሰውዬ፣ እሁድ ስገባ አንድ ቀን እንኳ ቀስቷን አይቼ አላውቅም። ደክሞኝ፣ ሳይክል ለማውረድ ስጣደፍ። ዘመኑም አግዞኛል። እኛ ትምህርት ቤት ግምገማ ሲኖር ጥፋተኛው ቀድሞ ይገኛል፣ ጥፋቱ ደግሞ ቀስ ተብሎ ይፈለግለታል። አሠራሩን ለምጄው ነበር።

አንድ ዓርብ ጋሽ ሰይድ መስጊድ እስኪሄዱ ጠበቅኩና የቆርቆሮ ቤታቸው ገባሁ። ጋቢያቸውን አነሳሁ። አሸተትኩት። የፊዚክስ መምህር፣ የአራት ልጆች አባት፣ ቆሜ የሰው ጋቢ አሸተትኩ። ሳሙና ሸተተኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። እንዲህ አጥበው ያስቀመጡት የቤንዚኑን ሽታ ለማጥፋት ነው አልኩና ጋቢውን አጥፌ ቦታው መለስኩት። ሰው አንዴ ከጠረጠረ ሳሙናም ይመሰክርለታል።

በቀጣዩ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ግቢውን ሰበሰብኩ። አምስቱም ቤት ወጣ። ነገሩን አቀረብኩ። የግቢው ታላቅ እትዬ ዘነበች ወዲያው «እኔማ ቱቦ ይዞ አይቼዋለሁ» አሉ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ሆነ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጋሽ ሰይድ በግቢው ሰው ሁሉ አፍ «እሳቸው» ነበሩ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ «እሱ» ሆኑ። ማንም አልመከረበትም። አንዱ «ሌላም ነገር ሳይወስድ አይቀርም» አለ። ሌላዋ ባለፈው ክረምት የጠፋች ባልዲዋን አስታወሰች።

ጋሽ ሰይድ ቆመው ሰሙ። ከዚያ «እትዬ፣ ያቺ ቱቦ የመምህርን መኪና የማጥብባት ናት» አሉ። ወደ እኔ ዞሩ።

«መምህር፣ እኔ የምነዳው የለኝ፣ ቤንዚን ምን ያደርግልኛል? ግን አንድ ነገር ልንገርዎ። ስፖንጅ ፍራሽ ክብደት የለውም፣ ማንም ያነሳዋል። ከሲኒማ ራስ ሽቅብ ስወጣ ነፋስ ከፊት ከመጣብኝ ግን፣ ፍራሹን አናቴ ላይ ካቆምኩት ወደ ኋላ ይመልሰኛል። ጉልበቴን የጨረሰው ፍራሹ አይደለም፣ ነፋሱ ነው። አስተኝቼ የያዝኩት እንደሆነ እገላገላለሁ። እርስዎም ሦስት ሳይክል አናትዎ ላይ አቁመው ነው የሚሄዱት። ቤንዚንዎን እዚያ ላይ ይፈልጉት።»

ሰው ሳቀ። ከሁሉም አብልጬ የሳቅኩት እኔ ነኝ። «ጋሽ ሰይድ፣ ፊዚክሱን እንኳ ለኔ ይተዉልኝ» አልኩ። የተናገርኩት አሪፍ ነገር መስሎኝ ነበር።

የግቢውን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ለእትዬ ዘነበች ሰጡ። ጋቢያቸውን አጥፈው ክንዳቸው ላይ አደረጉ። «ወላሂ አልነካሁም» አሉ አንድ ጊዜ። አልደገሙትም። ወጡ።

ዘበኛ በሌለበት ግቢ ቀጣዩ እሁድ መጣ። ሳይክሎቹን ጫንን፣ ሄድን፣ ተመለስን። ሰኞ ጠዋት ቀስቷ ሩብ ላይ ናት። ለጸዳለ፣ ሰውዬው የቤንዚኑን ክዳን ቁልፍ አስቀርጾ ነው የሄደው አልኳት። ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠችና «በተዘጋ በር ገብቶ፣ ለአንተ ሩብ ትቶ የሚሄድ ሌባ ካለ ተመልሶ ይቀጠር» አለችኝ። አሾፈችብኝ ብዬ ተቆጣሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ግርማ ዕቃ ሊያመጣ ዱባይ ሄደ። አማቴን ትንሽ አሟቸው ስለነበር እኔና ጸዳለ ብቻችንን ልንጠይቃቸው ሄድን። ሳይክሎቹ ግድግዳ ተደግፈው ቀሩ። ሱሉልታ ሜዳ ላይ የሚያፏጭ ነገር የለም። ጸዳለ እንቅልፍ ወሰዳት። ሰኞ ጠዋት መኪናዋን አስነሳሁ።

ቀስቷ ግማሽ ላይ ቆማለች። እንደ ድሮዋ።

ሞተሩን አጥፍቼ ተቀመጥኩ። ወደ ኋላ የሚመልስ ፍራሽ፣ ከሲኒማ ራስ ሽቅብ። ጋሽ ሰይድ የተናገሩት ነገር እኮ በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ነው። ከፊት አየሩን የሚገፋው ነገር በሰፋ ቁጥር ተቃውሞው ይጨምራል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የአየሩ ተቃውሞ አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን መመለስ ስላቃተው ስንቱን ተማሪ ጥያለሁ። እሳቸው በአንገታቸው ተምረውታል። እኔ በዲግሪ ተምሬው ሳቅኩ።

ያም ሆኖ አላመንኩም። ሰው ጥፋቱን ለማመን ከሁሉ በላይ ማስረጃ ይፈልጋል። ግርማ ከዱባይ ተመለሰና የሚቀጥለው እሁድ ሳይክሎቹን እንደገና ጫንን። ስንመለስ በሩ ላይ ቆምኩ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ ቀስቷን አየሁ። ሩብ። ማንም ሳይነካት፣ ገና ግቢ ሳትገባ። ሌባው ለካ ከኔ ጋር ተሳፍሮ ነበር የሚሄደው።

«ግርማ፣ ቤንዚኑን የሚጠጡት ሳይክሎችህ ናቸው» አልኩት።

እሱ ገመድ ይፈታል። «ይሁና» አለ ሳይዞር። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ያለው ይመስል፣ «ያ ሌባ ዘበኛችሁ እኮ እኛ ሕንፃ ተቀጥሮ አገኘሁት። ለሕንፃው ኮሚቴ ነግሬያለሁ፣ ነገ ጠዋት ያሰናብቱታል» አለኝ። ዜናውን የሰጠኝ እንደ ስጦታ ነው። እኔን የሚያስደስተኝ መስሎት ነበር። ሳምንት ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ቢሆን ደግሞ ያስደስተኝ ነበር።

ሰኞ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜዬን ትቼ ዱባይ ተራ ገባሁ። በዚያ ሰዓት ዱባይ ተራ ውስጥ መቸኮል አይቻልም። ካርቶን ከፊትህ፣ ካርቶን ከኋላህ፣ ከላይ የተንጠለጠለ ጂንስ ፊትህን ይዳብስሃል። ሕንፃው ጋ ስደርስ ጋሽ ሰይድ በሩ ላይ ጋቢያቸውን አጥፈው ክንዳቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። አጠገባቸው የኮሚቴው ሊቀመንበር፣ አንድ ወፍራም የብርድ ልብስ ነጋዴ፣ እያናገራቸው ነው።

መሐል ገባሁ። ሌባ ብዬ ያስወራሁባቸው እኔ ነኝ፣ ውሸት ነው አልኩ።

ሊቀመንበሩ «ታዲያ ቤንዚንዎን ማን ወሰደው?» አለኝ።

«ነፋስ።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ሥራዎ ምንድን ነው?»

«መምህር ነኝ።»

«ይታያል» አለና ለጋሽ ሰይድ ወንበሩን በእግሩ ገፋ አድርጎ አቀረበላቸው። «በሉ ይቀመጡ አባት፣ ሥራዎን ይሥሩ።»

ሁለታችን ቀረን። የተዘጋጀሁበት ብዙ ንግግር ነበረኝ። የወጣልኝ «ይቅር ይበሉኝ ጋሽ ሰይድ፣ ይመለሱ፣ ቦታዎ አለ» የሚል ብቻ ነው።

«ይቅር ብያለሁ» አሉ። «አልመለስም። እዚህ ጋቢዬን የሚያሸት የለም።»

መሬቱ ቢሰነጠቅልኝ እገባ ነበር። እንዴት እንዳወቁ እንኳ አልጠየቅኩም፤ እሳቸው ራሳቸው ነገሩኝ። ጋቢ አስተጣጠፍ የሚያውቅ ሰው ሌላ ሰው ያጠፈውን ይለያል አሉ። መነካቱን ያን ቀን ከመስጊድ ሲመለሱ አውቀዋል፤ እኔ ቤንዚን ስል ደግሞ ማን፣ ምን ሊያሸት እንደነካው ገባቸው። ሰኞ ስብሰባው ላይ ይህን ሁሉ እያወቁ ቆመው ሰምተውናል። እዚያው ቢናገሩት ኖሮ እኔ የት እገባ ነበር? አልተናገሩትም።

«አንድ ነገር ግን እፈልጋለሁ» አሉ። «ያኔ ለተናገሩት ሰዎች፣ ያኔ በተናገሩበት ቦታ፣ እኔ ቆሜ ይንገሩልኝ።»

እሺ አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ሳይክሎቹን ዳግመኛ አልጫንኳቸውም። ግርማ ለጥቂት ቀን ከኔ ጋር አልተነጋገረም። አሁን ሱቁ በር ላይ ሰቅሏቸዋል፣ ጫማ ሊገዛ የመጣው ሁሉ ያያቸዋል። በሕይወታቸው ትልቁን አገልግሎት እየሰጡ ያሉት አሁን ነው።

ቀጠሯችን ለእሁድ ከሰዓት በኋላ ሆነ። ጋሽ ሰይድ የታጠበ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። አምስቱም ቤት እንደገና ወጣ። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩበትን ይዤ ወጣሁ፤ ትልቅ ካርቶን ላይ መኪናዋን ስያለሁ፣ ሦስቱን ሳይክሎች ስያለሁ፣ ነፋሱን በቀስት አመልክቻለሁ። ግንቡ ላይ አስደግፌ አስረዳሁ። ፍጥነት ሲጨምር ምን እንደሚሆን፣ ሳይክሎቹ ሲቆሙና ሲተኙ ልዩነቱ ምን እንደሆነ፣ ጋሽ ሰይድ ከሁላችንም ቀድመው እንዳወቁት፣ እኔ እንደሳቅኩ። ጋቢውንም ነገርኳቸው። ሳልፈልግ ነገርኳቸው። በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ በየስብሰባው ግለ ሂስ ያደርግ ነበር፤ የእውነቱን ያደረግኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጎረቤቶቼ በጨዋነት ሰሙኝ። አንገታቸውን ነቀነቁ። «መቼም እርስዎ ካሉ» አሉ። ጋሽ ሰይድን እንዴት ነዎት፣ ደኅና ነዎት ብለው ጨበጡ። «እሳቸው» ተመልሰው መጡ። ደስ አለኝ። ነገሩ የተቋጨ መሰለኝ።

ጋሽ ሰይድን ልሸኛቸው ካርቶኔን ይዤ ወደ በሩ ሳመራ እትዬ ዘነበች ጸዳለን ጠጋ አሏት። ጆሯቸው ስለደከመ ሹክ ያሉ ሲመስላቸው ይጮኻሉ።

«ለመሆኑ መምህሩን ምን ብሎ ቢያስፈራራው ነው?» አሉ።

«ቀበሌ ዘመድ ሳይኖረው አይቀርም» አለ ያ ሌላም ነገር ሳይወስድ አይቀርም ያለው ጎረቤት። ባልዲ የጠፋባት ሴትዮም «እኔ እንደሆነ ነፋስ ባልዲ ሲወስድ አላየሁም» አለች።

ደሜ ፈላ። ካርቶኔን እንደያዝኩ ወደ ኋላ ዞርኩ። እንደገና ከመጀመሪያው ላስረዳቸው። ጋሽ ሰይድ እጅጌዬን ያዝ አደረጉኝ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፣ ትንሽ ፈገግታ ነበር ማለት እችላለሁ።

«ይተዉአቸው መምህር» አሉ። «ያኔ ሌባ ነው ሲሏቸው እኮ ሥዕል አላስፈለገዎትም።»